በሃምሳው ያስጾሙት ዳኛ

የአያ ሙጬን ሞት የነገረችኝ ጅጋ ገበያ ፈትል የምትሸጥልኝ ሴት ናት። ልቃቂቱን በእጇ እየመዘነች፣ ቀና ሳትል፣ «የእናንተ አገር ዳኛ አረፉ አሉ» አለችኝ።

«የቱ ዳኛ?»

«በሃምሳው ያስጾሙት ናቸዋ!»

ስማቸውን አላወቀችውም። እኔም ሌላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አያ ሙጬ ጎልማሳ ከሆኑበት ጊዜ ጀምረው ዳኝተዋል፤ ስንት ደም አድርቀዋል፤ ስንት ባልና ሚስት አስታርቀዋል። ጅጋ ገበያ ላይ የቀረላቸው ስም ግን ተሸንፈው የወጡበት የአንድ ረቡዕ ጉዳይ ነው። ቢሰሙ ኖሮ ይግባኝ ይሉ ነበር።

ይህን የምጽፈው ወሬውን አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ እያደረገ ስላበላሸው ነው። እኔ ጎረቤታቸው ነበርሁ። ከእሳቸው አጥር እስከ እኔ የሽመና ጎጆ አሥራ አራት ክንድ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ ለብቻዬ ነው የለየሁት። አጻጻፌ ቢጎድል ይቅር ይባልልኝ፤ ልኩ ግን አይጎድልም።

ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት አያ ሙጬ የሚዳኙት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ከነበረው ዋርካ ሥር ነው። ጠዋት በትራቸውን በግራ፣ ጭራቸውን በቀኝ ይዘው ከቤት ይወጣሉ፤ ዋርካው ሥር ሲደርሱ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሚስታቸው እትዬ የሺ፣ «ከቤቴ የሚወጣው ሙጬ ነው፤ ዋርካው ሥር የሚቀመጠው ዳኛ ነው፤ መንገድ ላይ የት እንደሚለዋወጡ ግን አላውቅም» ይሉ ነበር።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ በገበያ አዋጅ ተነገረ። ከዛፍ ሥር መሰብሰብ ክልክል ነው። ሰው ዛፍ ሥር የሚቀመጠው ለሽፍትነት ሊመክር ነው ብለው ነው። ዋርካውም ሰው እንዳያሳስት ተቆረጠ። ክስ ያለው ቡሬ ሄዶ ለምሽጉ አዛዥ በአስተርጓሚ ይናገር ተባለ። ከመንደራችን ሁለት ሰዎች ሄዱ። አንዱ ስለ በግ ሊናገር ሄዶ ጀርባውን ተገርፎ ተመለሰ። ሌላው ስለ ሚስቱ ሊናገር ሄዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ቡሬ እከሳለሁ የሚል ጠፋ። ጠቡ ግን አልጠፋም።

አያ ሙጬ አዋጁን ሦስት ቀን አሰቡበት። በአራተኛው ቀን፣ «የተከለከለው ዛፍ ነው» አሉ። «እንግዳ መቀበል አልተከለከለም። ከዛሬ ጀምሮ እቤቴ ነው የምዳኘው።»

ቤት ውስጥ መሥራት ቀላል የሚመስለው ቤቱ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ዋርካው ሥር ባለጉዳይ የሚመጣበት ሰዓት ነበረው፤ ቤት ግን ባሰኘው ጊዜ ይመጣል። አያ ሙጬ እግራቸውን ሲታጠቡ ይደርሳል፤ ጸሎት ሲያደርሱ ይደርሳል። አንድ ጊዜ የሁለት ጎረቤታሞችን ነገር ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሰሙ። እትዬ የሺ ደግሞ ከጓዳ ሆነው ምስክር ይጠይቃሉ። «ዋሸህ! እናትህም እንዲሁ ነበረች!» ይላሉ። ሰውዬው ለዳኛው ይመልስ ለጓዳው ግራ ይገባዋል። በመሐል፣ «ሙጬ! ጥጃው ገባ፤ አስወጣው!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ዳኛው ክርክሩን አቋርጠው ጥጃ ያስወጣሉ። ጥጃ አስወጥቶ የተመለሰ ዳኛ «በሕግ አምላክ!» ቢል የሚደነግጥለት የለም።

አንድ ጠዋት ወደ ጎጆዬ መጡ። እግሬን ከሽመና ጉድጓዴ ከትቼ መወርወሪያዬን ወዲያ ወዲህ አደርጋለሁ። ቆመው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ አንተም እቤትህ ነው የምትሠራ። እንዴት ይሆንልሃል?»

«እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ አያ።»

«እሱ ምን ይጠቅማል?»

«እግሩ ጉድጓድ የገባን ሰው ማንም ተነሥና ጥጃ አስወጣ አይለውም።»

ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩት። «ዳኛ በቁሙ ጉድጓድ ገባ ቢባል ደስ የሚለው ሰው ይበዛል» አሉና ሄዱ።

በማግስቱ ምሰሷቸው ላይ የቀንድ ማንጠልጠያ መቱ፤ ከወለሉ አራት ክንድ ከስንዝር ከፍ ብሎ። ጭራው እዚያ ተሰቅሎ ከታየ ቤቱ ዋርካ ነው፤ ከወረደ ቤት ነው። ጭራው ተሰቅሎ ሳለ እትዬ የሺ ባላቸውን «አንቱ» ሊሉ፣ ከጓዳም ምስክር ላይጠይቁ ተስማሙ። ጥጃውም ጭራው እስኪወርድ ቢገባም ባይገባም ይቆያል። ይህ ሠራላቸው። ያልሠራው ምግቡ ነው።

በእኛ አገር እንግዳ ምንም ሳይቀምስ ከቤት አይወጣም። ከወጣ ስሟ የሚጠፋባት ባለቤቲቱ ናት። ዳኛ ደግሞ ከተሟጋቾቹ አንዱን ብቻ ካበላ ፍርዱ ተነካ ማለት ነው። ዋርካው ሥር ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም፤ ዛፍ እንግዳ አያበላም። አሁን ግን ከሳሽ ቀድሞ ይመጣል፤ እትዬ የሺ «እስቲ ቅመስ» ይሉታል፤ ይቀምሳል። ተከሳሽ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ወጥ የነካውን የከሳሹን ጢም ነው።

«አያ፣ ይሄ ሰው የአንቱን ሽሮ በልቶ ነው እኔን የሚከሰኝ?» ይልና ይወጣል።

በአንድ ገበታ እንዳያቀርቧቸው፣ የተጣላ ሰው አብሮ አይበላም፤ ከበላ ታረቀ ማለት ስለሆነ ነገሩ ሳይፈረድ ይሞታል። በሁለት ገበታ ለይተው ሞከሩ። ተከሳሹ አንገቱን አስግጎ የከሳሹን ገበታ አየና፣ «የሱ ወጥ ወፍሯል» አለ። ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ የተከራከሩት ስለ ወጡ ነው። እትዬ የሺ ራሳቸው ቀርበው፣ ከአንድ ድስት መጨለፋቸውን ምለው ነው ነጻ የወጡት።

መፍትሔው ሳይታሰብ መጣ። ኅዳር ውስጥ በአንድ ረቡዕ ሁለት ሰዎች ገቡ። እትዬ የሺ «ቅመሱ» አላሉም፤ ጾም ነው። ማንም አልበላም፤ ማንም አልተቀየመም። የሁለት ቀን ይሆናል የተባለው ክርክር ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አለቀ።

አያ ሙጬ ጭራቸውን እያወረዱ፣ «ቃል በባዶ ሆድ ያጥራል» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኝነቱ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሆነ። ጭራው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይሰቀላል፤ የሰው ጥላ ረዝሞ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይወርዳል። ሌላውን ቀን አያ ሙጬ ያርሳሉ፣ ያጭዳሉ፣ ጥጃ ያስወጣሉ። የነቢያት ጾም ሲገባ በየቀኑ ዳኙ። ሁዳዴ ሲገባማ፣ «የዳኛ መኸር ደረሰ» አሉ። ሰዉም ጠቡን ለጾም ማቆየት ለመደ። አንድ ቀን መንገድ የሚያልፉ ባንዳዎች ደጃፉ ላይ ቆሙ። ስምንት ሰዎች በዝምታ ተቀምጠው አዩ፤ እኔ አንዱ ነበርሁ። ብዙ የማልናገር ስለሆንሁ ለታዛቢነት ትሆናለህ ተብዬ በር አጠገብ እቀመጥ ነበር።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ አንደኛው ባንዳ።

«እየጾምን» አሉ አያ ሙጬ። ውሸት አልተናገሩም።

አያ ሙጬ ደስ ብሏቸው ነበር። እትዬ የሺ ሳይሰሟቸው፣ «ከዋርካውም ይሻላል» ብለውኛል። እንግዲህ ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር፤ እኔም አላሰብሁትም። ሁዳዴ ሲያልቅ ፋሲካ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ጾም የለም። ረቡዕም ዓርብም ይበላል፤ መጾም ኃጢአት ነው፤ መስገድም አይፈቀድም። ሥርዓታችን የተጀመረው ኅዳር ስለሆነ ሃምሳው ገና አልገጠመንም ነበር።

ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ሰኞ አለምነው መጣ። አለምነውና ታላቅ ወንድሙ ፈንታ ከአባታቸው የወረሱትን መሬት ጎን ለጎን የሚያርሱ ናቸው። ፈንታ የድንበሩን ድንጋይ ገፍቶብኛል ይላል አለምነው፤ ፈንታ ደግሞ ጎርፍ ነው ይላል። እኔ ያን ቀን የሠራሁትን ጋቢ ላደርስ ገብቼ ነበር።

«አያ፣ ሳይዘራ ይፍረዱልኝ» አለ።

«ሃምሳው ይለፍ፣ ልጄ።»

«ሃምሳው ሲያልፍ ፈንታ ዘርቶበታል። የተዘራ መሬት ማን ያስመልስልኛል? አንቱ ካልሰሙኝ ሰሚ አላጣም።»

«ማን ነው ሰሚው?»

«ቡሬ ነዋ።»

አያ ሙጬ ትንሽ ሳቁ። «ቡሬ ሄደህ ስለ ድንጋይ ልትናገር ነው?»

«ስለ ድንጋይማ ማን ይሰማኛል። ስለ ጠመንጃው ነው የምናገር።»

ፈንታ ጠመንጃ እንዳለው መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሣውም። ጠመንጃ የደበቀ ሰው ቡሬ ሲደርስ ምን እንደሚያገኘው የማያውቅ አልነበረም፤ መስቀያው ገበያው መሐል ነው የቆመው።

«ወንድምህ ነው እኮ» አሉ አያ ሙጬ። አሁን አልሳቁም።

«ድንጋዩን ሲገፋ ወንድሙ መሆኔን ማን አስታወሰው?»

«ስንት ቀን ትሰጠኛለህ?»

«እስከ ዓርብ። ዓርብ ጠዋት እነሣለሁ።»

አለምነው ሲወጣ አያ ሙጬ ወደ ምሰሶው ሄደው ባዶውን ማንጠልጠያ በእጃቸው ያዙት። «ከነገ ወዲያ ረቡዕ ነው» አሉ። «እንጾማለን።»

እትዬ የሺ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ክርስቶስ ተነሥቶ?»

«ግማሽ ቀን ብቻ ነው።»

«አንተ ከፈለግህ ጹም። እኔ በሃምሳው ድስቴን ሳልጥድ አልውልም።»

ረቡዕ ደረሰ። ጭራው ተሰቀለ። ሁለቱ ወንድማማቾች ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ እኔ በሩ አጠገብ። ዳኛው በትራቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መቱና፣ «ዛሬ በዚህ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀምስ የለም» አሉ። ጓዳ ውስጥ ድስቱ ይንተከተካል። ሁለት ወር ሙሉ ሽሮና ጎመን ሲበላ ለከረመ ሰው የቅቤ ሽታ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

አለምነው ተናገረ። ፈንታ መለሰ። ጎርፉ ተነሣ፤ የአባታቸው ኑዛዜ ተነሣ፤ ከሃያ ዓመት በፊት የጠፋች ፍየል ተነሣች። ቀትር ሆነ። ፈንታ ንግግሩን ገታና አፍንጫውን ወደ ጓዳው አዞረ።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ዛሬ ምን ጾም ነው?»

«የዳኝነት ጾም።»

«እንዲህ የሚባል ጾም አለ እንዴ?»

«በዚህ ቤት አለ።»

«የለም!» አለ ፈንታ። «አባቴ ይሙት የለም!»

«እውነቱን ነው» አለ አለምነው።

ከተኳረፉ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ አንዱ የሌላውን ቃል እውነት ሲል የሰማሁት ያኔ ነው። አያ ሙጬ ግን ልብ ያሉት አልመሰለኝም። ፊታቸው ቀላ።

«ወደ ድንጋያችሁ ተመለሱ!»

«ድንጋዩ ይቆየን» አለ ፈንታ እየተነሣ። «እኔ ሰሙነ ሕማማትን ሰግጄ፣ አክፍዬ፣ ዛሬ ደግሞ በትንሣኤው ልራብ? ይሄ ለመምሬ ይነገራል።»

«ይነገራል» አለ አለምነውም ተነሥቶ።

ሁለቱ ተከታትለው ወጡ። አያ ሙጬ፣ «በሕግ አምላክ!» እያሉ ተከተሏቸው። ጭራው ተሰቅሎ ሳለ ቤቱን ጥለው ሲወጡ ያ የመጀመሪያቸው ነው። እኔም ከኋላ ሄድሁ።

መምሬ ውቤ፣ የአጥቢያችን ቄስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፈንታ ክሱን ቆሞ ተናገረ፤ አለምነው የጎደለውን ሞላለት። የቅቤውን ሽታ ሳይቀር አነሣ። መምሬ ውቤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙ።

«ሙጬ፣ እውነት ነው ወይ?»

«እውነት ነው።»

«አንተ ሕግ አዋቂ ነህ። በትንሣኤው ሰው የምታስጾም ምን ሆነህ ነው?»

አያ ሙጬ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ መልሱን አውቀው ነበር። አንዲት ቃል ብቻ፣ «ቡሬ» ቢሉ ኖሮ ይረቱ ነበር። ነገር ግን ፈንታ አጠገባቸው ቆሟል። ወንድምህ ለመስቀያ ሊሰጥህ ነበር ተብሎ የተነገረው ሰው ጠመንጃውን ከደበቀበት ያወጣዋል፤ የሚያወጣውም ለጣሊያን አይደለም። አያ ሙጬ አለምነውን አዩት። አለምነው መሬት መሬት ያያል፤ የጆሮው ጫፍ ሲቀላ አየሁት።

«የምለው የለኝም» አሉ አያ ሙጬ።

በሕይወታቸው ቃል ያጡበት ሌላ ቀን መኖሩን አልሰማሁም።

መምሬ ውቤ ተገረሙ። ክርክር ነበር የጠበቁት። ወደ ከሳሾቹ ዞሩ። «እናንተስ? ተኳርፋችኋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ወንድሙን ያስቀየመ ሰው መባውን ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ አይደል የሚለው? ሳትታረቁ ከዚህ ደጅ ክስ አልቀበልም።»

ፈንታ ርቦታል። «ታርቀናል» አለ ቶሎ ብሎ።

«አንተስ?»

አለምነው አንድ ጊዜ ወደ አያ ሙጬ ቀና አለ። «ታርቀናል» አለ።

«ድንበሩስ?»

«እንካፈለዋለን» አለ ፈንታ። «ጎርፉ የገፋውን ግማሹን እኔ፣ ግማሹን እሱ።»

«ይሁን» አለ አለምነው።

መምሬ ውቤ ፈረዱ። በሃምሳው ማስጾም ትንሣኤውን እንደመዘንጋት ነው፤ ዳኛው ከደጀ ሰላሙ ፊት አርባ ስግደት ይስገዱ።

«አሁን?» አሉ አያ ሙጬ።

«አሁንማ ሃምሳ ነው፤ ስግደት የለም። የሰኔ ጾም ሲገባ፣ በመጀመሪያው ረቡዕ።»

«ይግባኝ እላለሁ።»

«ለማን?»

አያ ሙጬ ሰማዩንም አዩ፣ በቡሬ በኩል ያለውንም መንገድ አዩ።

የእትዬ የሺ ወጥ ስለደረሰ ወንድማማቾቹ ወደ ቤቱ ተመለሱ። በአንድ ገበታ ቀረቡ፤ ወፈረ ቀጠነ ያለ አልነበረም። አያ ሙጬ ግን ማዶ ተቀምጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ቆዩ። የጀመርሁትን ጾም አላፈርስም ብለው ነው።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ጅጋ ደረሰ። ዱርቤቴም ደርሷል አሉ። ልጆች አያ ሙጬን ሲያዩ ሆዳቸውን ይዘው የራባቸው መስለው ያሾፋሉ። ሁለት ባለጉዳዮች፣ የተፈረደበት ዳኛ አይዳኘንም ብለው ጉዳያቸውን መልሰው ወሰዱ። አንድ ቀን፣ «ለምን ለመምሬ ለብቻቸው አይነግሯቸውም?» አልኋቸው።

«መምሬ ደግ ሰው ናቸው» አሉኝ። «ደግ ሰው ምሥጢር ይዞ አያድርም፤ ለጸሎት ብሎ ይናገረዋል።»

አለምነው እነሣለሁ ባለበት ዓርብ ጠዋት በአጥሬ ቀዳዳ መንገዱን ስጠብቅ ነበር። አለምነው አለፈ፤ ወደ ቡሬ ሳይሆን ወደ እርሻው። ሞፈሩን ተሸክሟል። ከፊቱ የሚነዳው በሬ የፈንታ ነው።

የሰኔ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ረቡዕ የመንደሩ ሰው ደጀ ሰላሙ ፊት ተሰበሰበ፤ ለጸሎት የመጣው ጥቂቱ ነው። ስግደቱን የመቁጠር መብት የከሳሾቹ ስለሆነ ፈንታና አለምነው ግራና ቀኝ ቆሙ። እኔ ከኋላ ሆኜ ክር ይዣለሁ፤ ለአንድ ስግደት አንድ ቋጠሮ።

አያ ሙጬ በትራቸውን ለእትዬ የሺ ሰጥተው ጀመሩ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ርጥብ ነው። እስከ ሃያ ድረስ ቀጥ ብለው ሰገዱ። ከሃያ በኋላ ሲነሡ በእጃቸው መደገፍ ጀመሩ። ከሠላሳ በኋላ የሚስቅ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ቆሙ፤ ግንባራቸው ላይ ጭቃ አለ።

«አርባ» አለ ፈንታ።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አለ አለምነው።

«አርባ ነው አልሁህ!»

«ቆጥሬያለሁ እኮ! ሠላሳ ዘጠኝ ነው!»

«አንተ መቼ መቁጠር ታውቃለህ? ድንበሩንስ እንዲሁ አይደል የቆጠርኸው!»

አለምነው ወደ ወንድሙ ዞረ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ጋቢ ላደርስ የገባሁ ዕለት ያየሁት ነው።

ክሬ ላይ አርባ ቋጠሮ ነበር። ሁለት ጊዜ በጣቴ አለፍሁበት፤ አርባ ነው። ልናገር አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድሁ። አያ ሙጬ አዩኝ፤ እጄን አዩ፤ ክሩን አዩ። አትናገር በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሠላሳ ዓመት በአንዲት ቃል ሲከራከሩ የኖሩ፣ ከአንድ ስንዝር ላይ እንኳ አንዲት ጣት የማይለቁ ሰው ናቸው።

«ተሳስቼ ይሆናል» አሉ። «አንድ ልጨምር፤ ያኔ ሁላችንም እርግጠኛ እንሆናለን።»

ጎንበስ አሉ። ግንባራቸው መሬት ነካ። ሊነሡ ሲሞክሩ አቃታቸው። መጀመሪያ የደረሰው አለምነው ነው፤ ፈንታ በሌላው ወገን ገባ። ብብታቸውን ግራና ቀኝ ይዘው አነሷቸው።